የመሬት መንቀጥቀጥ የሕንፃ ጉዳትን በካርታ ለመገመት፦ የቱ ሶፍትዌር ለየትኛው ሥራ?

"የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?" ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ጂአይኤስ (መረጃን ከካርታ ጋር አያይዞ የሚያሰላ የኮምፒውተር ሥርዓት) የተማሩ ወጣቶች፣ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች፣ አልፎ አልፎም የሲቪል መሐንዲሶች ናቸው። አንድ ስም እንድጠራላቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን መልሼ እጠይቃለሁ። ግምቱን የምትፈልጉት መቼ ነው? ገና መሬቱ ሳይንቀጠቀጥ ነው? ከተንቀጠቀጠ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው? ወይስ ቀናት ካለፉ፣ የፈረሰው ከፈረሰ ወዲህ?

ሦስቱ ለየቅል ናቸው። ለዝግጅት የተሠራ መሣሪያ ለነፍስ አድን ሥራ አይደርስም። የሳተላይት ካርታ ደግሞ ስለ ነገው መንቀጥቀጥ የሚነግረን ነገር የለም። ብዙ ሰው የሚቸገረው ይህን ሳይለይ ሲጀምር ነው። ስሙ የገነነውን ሶፍትዌር ያወርዳል፣ ሳምንታት ይታገላል፣ መጨረሻ ላይ የያዘው መሣሪያ ለሌላ ጥያቄ የተሠራ ሆኖ ያገኘዋል።

ስለዚህ ንጽጽሩን በጊዜ ከፍዬ እሄዳለሁ። በመጀመሪያው ክፍል ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ሕይወት የሚያተርፈው ሥራ በብዛት ያለው እዚያ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ከመንቀጥቀጡ በፊት

ለዚህ ጊዜ የተሠሩት ሶፍትዌሮች ስማቸው ይለያይ እንጂ የሚያጣምሩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የንዝረት ካርታ ነው፤ መሬቱ የት ቦታ በምን ያህል ብርታት እንደሚንቀጠቀጥ ያሳያል። ሁለተኛው የሕንፃ መዝገብ ነው፤ የት ምን ዓይነት ሕንፃ አለ የሚለውን ይይዛል። ሦስተኛው የጉዳት ኩርባ ነው። ኩርባው አንድ ዓይነት ሕንፃ በዚህን ያህል ንዝረት ምን ያህል የመጎዳት ዕድል እንዳለው ይናገራል።

በምሳሌ እንየው። በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ 400 ቤቶች ያሉበት ሰፈር አለ እንበል። የንዝረት ካርታው እዚያ ሰፈር 0.3 ጂ ፍጥንጥነት ይደርሳል ይላል። ጂ ማለት የመሬት ስበት ፍጥንጥነት ነው። ኩርባው ደግሞ በዚህ ንዝረት እንዲህ ያለ ቤት የመደርመስ ዕድሉ 25 በመቶ ነው ቢል፣ ሶፍትዌሩ ወደ 100 ቤት ይደረመሳል ብሎ ይገምታል። የትኞቹ 100? እሱን አያውቅም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በንዝረት ካርታው ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ አፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲን የመታው መንቀጥቀጥ መነሻው ከከተማዋ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። በዚያ ርቀት ይህን ያህል ጥፋት አይጠበቅም። ከተማዋ ሰፊ ክፍሏ የተሠራው ግን በጥንታዊ ሐይቅ ለስላሳ ደለል ላይ ነው። ደለሉ ንዝረቱን አጎላው። በ2 ሰከንድ አንዴ እየተመላለሰ ይወዘውዝ ጀመር። ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ከዚያ ውዝዋዜ ጋር ስለተገጣጠሙ ክፉኛ ተመቱ። ብዙዎቹ አጫጭር ቤቶች ግን ተረፉ። አፈሩን ያላስገባ ስሌት እንዲህ ያለውን ነገር ከቶ አያሳይም። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ የመሬቱ የላይኛው 30 ሜትር ሞገድን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያሳልፍ የሚገልጽ ቁጥር ነው። ለአካባቢያችሁ የተለካ ቁጥር ካለ እሱን ፈልጉ። ከሌለ ደግሞ ከመሬቱ ተዳፋትነት ተነስቶ የተገመተ ዓለም አቀፍ ካርታ ስላለ በእሱ መጀመር ይቻላል።

አሁን ወደ ሶፍትዌሮቹ።

ሀዙስ የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ፣ ፌማ፣ ያወጣው ነው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። የጀመረውም በመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ ጎርፍና አውሎ ነፋስ በኋላ ተጨመሩበት። ሕንፃዎችን በ36 ዓይነት ይከፍላል። የእንጨት ቤት፣ የብረት ሕንፃ፣ የአርማታ ሕንፃ፣ ብረት የሌለው ግንብ እያለ፣ በቁመትም እየለየ ይሄዳል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሕንፃ በየትኛው የግንባታ ደንብ ዘመን እንደተሠራ ይጠይቃል። ውጤቱን በአራት የጉዳት ደረጃ ያወጣል፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ እና ሙሉ።

አሜሪካ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ሀዙስን የሚያህል የለም። የአገሪቱ የሕንፃ መዝገብ ተዘጋጅቶ አብሮ ይመጣል። ከአሜሪካ ውጭ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። መዝገቡ ባዶ ነው፤ እናንተ መሙላት አለባችሁ። ኩርባዎቹም የተሠሩት ለአሜሪካ ሕንፃዎች ነው። "የአርማታ ሕንፃ" የሚለው ስም አንድ ቢሆንም፣ ብረቱ በምን ያህል ርቀት እንደታሰረ፣ ኮንክሪቱ እንዴት እንደተቦካ፣ ማን እንደተቆጣጠረው ከአገር አገር ይለያያል። ሶፍትዌሩ ራሱ በነፃ ይገኛል። የሚሠራው ግን አርክጂአይኤስ በተባለ የካርታ ሶፍትዌር ላይ ነው፤ አርክጂአይኤስ ደግሞ የፈቃድ ክፍያ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሀዙስን ባትጠቀሙበትም የቴክኒክ መመሪያውን አንብቡ። ስሌቱ ደረጃ በደረጃ ተጽፏል። እኔ ስለ ጉዳት ኩርባ በደንብ የገባኝ ያንን መመሪያ ሳነብ ነው።

ኦፕንክዌክ የተሠራው ጣሊያን፣ ፓቪያ ከተማ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞዴል ፋውንዴሽን ነው። በምህጻሩ ጌም ይባላል። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። በዊንዶውስ፣ በማክ እና በሊኑክስ ይሠራል። ከሁሉም በላይ የየትኛውም አገር ሶፍትዌር ሆኖ አልተሠራም። ሕንፃውን እናንተ ትገልጻላችሁ፣ ኩርባውን እናንተ ትመርጣላችሁ። አንድ የታሰበ መንቀጥቀጥ ሰጥታችሁ "ይህ ቢከሰት ስንት ሕንፃ ይጎዳል?" ማለት ትችላላችሁ። ወይም ደግሞ በረጅም ዘመን ሊከሰቱ የሚችሉትን መንቀጥቀጦች ሁሉ አስልቶ በዓመት በአማካይ ምን ያህል ኪሳራ እንደሚጠበቅ እንዲነግራችሁ ታዛላችሁ።

የምወድለት ነገር አለ። አንድን መንቀጥቀጥ አንዴ ብቻ አስልቶ አያቆምም። መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ እየደጋገመ፣ ንዝረቱን በተለያየ ብርታት እየለዋወጠ ያሰላል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ የሚል ክልል ይሰጣችኋል። ለሐቀኛ ሥራ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አስቸጋሪው አጀማመሩ ነው። ያማረ መስኮት ከፍቶ በአዝራር የሚመራችሁ አይደለም። የጽሑፍ ፋይሎች ታዘጋጃላችሁ፣ አንዷ ነጠላ ሰረዝ ከተሳሳተች ይቆማል። ካርታ ለመሣልም ውጤቱን ኪውጂስ ወደተባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ማምጣት ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚሆን ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) አለው። ምክሬ አንድ ነው። የራሳችሁን ዳታ ከማስገባታችሁ በፊት አብረውት የሚመጡትን የናሙና ፋይሎች አሂዱ። ከዚያ አንድ በአንድ በራሳችሁ እየተካችሁ ሂዱ። አንድ ነገር ሲበላሽ ምን ስትነኩ እንደተበላሸ ታውቃላችሁ።

ኢናሴፍ ሦስተኛው ነው። የኢንዶኔዥያና የአውስትራሊያ መንግሥታት ከዓለም ባንክ ጋር ያሠሩት የኪውጂስ ፕለጊን ነው። ቀላል ነው። የንዝረት ካርታ ትሰጡታላችሁ፣ የሕንፃ ሌየር (የሕንፃዎቹን ቦታ የያዘ የካርታ ንብርብር) ትሰጡታላችሁ፣ ብርቱ ንዝረት ባለበት ቀጠና ስንት ሕንፃ እንዳለ፣ መካከለኛ ባለበት ስንት እንዳለ ቆጥሮ ሪፖርት ያወጣል። የአርማታውን ሕንፃ ከጭቃ ቤቱ ለይቶ የጉዳት ደረጃ አይሰጥም። ስለዚህ የጉዳት ግምት ብሎ ለመሐንዲስ ማቅረብ ልክ አይደለም። ለአደጋ ዝግጅት ልምምድ፣ ስንት ድንኳን እንዘጋጅ ለሚል ስብሰባ ግን በቂ ነው፤ በግማሽ ቀንም ይደርሳል።

ሌሎችም አሉ። የኖርዌዩ ሴሌና አለ፣ በላቲን አሜሪካ የተስፋፋው ካፕራ አለ። ቀድሞ በእነዚህ የሚሠራ ባልደረባ ካላችሁ እሱን ተከተሉ፤ ከጎናችሁ የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ከሶፍትዌሩ ይበልጣል። ማንም ከሌላችሁና ከአሜሪካ ውጭ ከሆናችሁ ግን ምርጫዬ ኦፕንክዌክን ከኪውጂስ ጋር ነው። አርክጂአይኤስ ወይስ ኪውጂስ በሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ አታጥፉ። ለዚህ ሥራ ኪውጂስ አንዳች አይጎድለውም። መሥሪያ ቤታችሁ አርክጂአይኤስ ገዝቶ ከሆነም በእሱ ሥሩ።

አንድ ጊዜ የደረሰብኝን ላንሳ፤ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ። የአንድ ከተማን ግምት ስሠራ ውጤቱ ከተማው በሙሉ ፈረሰ አለኝ። አንድም ሕንፃ አልቀረም። ሁለት ቀን ኩርባዎቹን ስፈትሽ ከረምኩ። ችግሩ ግን የመለኪያ አሃዱ ላይ ነበር። የንዝረት ካርታው ፋይል ፍጥንጥነትን የሚጽፈው ከጂ በመቶኛ ነው። ኦፕንክዌክ የሚጠብቀው ደግሞ በጂ ነው። 0.35 መሆን የነበረበት 35 ሆኖ ገብቷል። እኔ ዕድለኛ ነበርኩ፤ ስህተቱ ግዙፍ ስለነበር ታየኝ። ትንሽ ስህተት ቢሆን ኖሮ ካርታው አምሮ ይወጣ ነበር፣ ማንም ሳይጠይቅም ጠረጴዛ ላይ ይቀርብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከማስላቴ በፊት ሁልጊዜ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ቁጥር አያለሁ።

ኩርባው የሚጠብቀውን የንዝረት ዓይነትም አብራችሁ አረጋግጡ። በጥቅሉ የሕንፃ የመወዛወዣ ጊዜ፣ ማለትም አንዴ ተወዛውዞ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ፣ ለአንድ ፎቅ 0.1 ሰከንድ ያህል ነው ይባላል። ስለዚህ ለ3 ፎቅ ሕንፃ የ0.3 ሰከንድ ንዝረት፣ ለ10 ፎቅ የ1 ሰከንድ ንዝረት ይስማማዋል። ይህ ግምታዊ ስሌት ነው እንጂ ቁርጥ ያለ ሕግ አይደለም፤ የንዝረቱ ዓይነት ከሕንፃው ቁመት ጋር መዛመዱ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ሜክሲኮ ሲቲ አሳይታናለች።

መዝገቡ ከሶፍትዌሩ ይበልጣል

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ ብጠየቅ ይህንን እላለሁ። ጊዜያችሁን የሕንፃ መዝገቡ ላይ አውሉት። ሁለት ሶፍትዌሮች በአንድ መዝገብ ላይ የሚያሳዩት ልዩነት፣ አንድ ሶፍትዌር በደህናና በመጥፎ መዝገብ ላይ ከሚያሳየው ልዩነት ብዙ ጊዜ ያንሳል።

የሕንፃ ቅርጽ ማግኘት ዛሬ ቀላል ሆኗል። ሰዎች በትብብር የሚሠሩት ነፃ ካርታ፣ ኦፕንስትሪትማፕ፣ አለ። የጉግል ኦፕን ቢልዲንግስ ከሳተላይት ምስል ያወጣቸው 1.8 ቢሊዮን የሕንፃ ቅርጾች አሉት። ማይክሮሶፍትም ተመሳሳይ ነገር ለቋል። ግን እነዚህ በአብዛኛው የሚሰጡን ጣሪያውን ነው። ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ ስንት ፎቅ እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራ ብዙውን ጊዜ አይነግሩንም። ለመንቀጥቀጥ የሚያስፈልገን ደግሞ ልክ እሱ ነው።

ሁሉንም ሕንፃ እየዞሩ መመዝገብ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ከተማውን ተመሳሳይ አሠራር ባላቸው ቀጠናዎች ክፈሉት። አሮጌው መሃል፣ አዲሱ የአፓርታማ ሰፈር፣ የጭቃ ቤቱ ዳርቻ እያላችሁ። በእያንዳንዱ ቀጠና ከ50 እስከ 100 ሕንፃ በእግር ሄዳችሁ እዩ። የግድግዳውን ዓይነት፣ የፎቁን ብዛት፣ ዕድሜውን፣ አገልግሎቱን መዝግቡ። አምስተኛ ደግሞ ምድር ቤቱ ለሱቅ ወይም ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ክፍት መሆኑን ጻፉ። ላይኛው ፎቅ በግድግዳ የታጠረ፣ ታችኛው በምሰሶ ብቻ የቆመ ሕንፃ ሲመታ የሚደረመሰው ከታች ነው። ይህን የሚጽፍ አምድ የሌለው መዝገብ ትልቁን አደጋ ይዘለዋል። ያገኛችሁትን ምጣኔ ከዚያ በቀጠናው ሕንፃዎች ሁሉ ላይ ታካፍላላችሁ።

ግምታችሁን በእውነት ከሆነው ጋር ማስተያየት ከፈለጋችሁ ኔፓል ትልቅ ሀብት ትታልናለች። እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ መንቀጥቀጥ በኋላ ቤት ለቤት በተደረገው ቆጠራ ከ700 ሺህ በላይ ሕንፃዎች ተመዝግበው ዳታው ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። የግድግዳው ዓይነትም የጉዳቱ ደረጃም አለበት። ለድንጋይና ጭቃ ቤት ኩርባ የመረጠ ሰው እዚያ ላይ ሊሞክረው ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

እዚህ ምርጫው አጭር ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በነፃ የሚለቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ሼክማፕ የንዝረቱ ካርታ ነው፤ ኪውጂስ ላይ ሊከፈት በሚችል ፋይል ይወርዳል። ፔጀር ደግሞ የሞትና የኪሳራ ግምት ነው። ትልቅ መንቀጥቀጥ ሲሆን በ30 ደቂቃ ገደማ ይወጣል። በአረንጓዴ፣ በቢጫ፣ በብርቱካናማና በቀይ ደረጃ ያስቀምጠዋል። ቀይ ማለት 1,000 እና ከዚያ በላይ ሞት፣ ወይም 1 ቢሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ኪሳራ ይጠበቃል ማለት ነው።

ፔጀር የሚመልሰው "ነገሩ ምን ያህል ይከፋል?" የሚለውን ነው። የቱ ሰፈር እንደተጎዳ አይነግራችሁም። እሱን ለማወቅ መዝገባችሁ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። ኦፕንክዌክ የሼክማፕን መለያ ቁጥር ሰጥታችሁት ካርታውን በቀጥታ አምጥቶ ያሰላል። ስለዚህ የዝግጅቱን ሥራ የጨረሰ ቡድን በዚያው ዕለት የሰፈር ለሰፈር ግምት ማውጣት ይችላል። ያልጨረሰ ቡድን በዚያ ቀን አይጀምረውም። የሼክማፕ እትም መለዋወጡንም አትርሱ። ከየመለኪያ ጣቢያው መረጃ ሲመጣ ካርታው ይታደሳል፤ በካርታችሁ ጥግ ላይ የየትኛውን ሰዓት እትም እንደተጠቀማችሁ ጻፉ።

ከቀናት በኋላ

አሁን ጊዜው የሳተላይት ነው። ሁለት መንገድ አለ፤ ራዳርና የዓይን ምስል፣ ማለትም እንደ ፎቶግራፍ ያለው።

ሴንቲኔል 1 የተባለው የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት ዳታው ነፃ ነው። በሌሊትም፣ በደመናም ያያል። ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ የተነሱትን አወዳድሮ መልኩ የተለወጠውን ቦታ ያሳያል። ድክመቱ ጥራቱ ነው። አንድን ቤት ለይቶ ለማየት ይቸገራል፤ የሚናገረው ስለ መንደር ነው። ዛፍና ሰብል የበዛበት ቦታ ደግሞ ሕንፃ ሳይነካም የተለወጠ ሊመስል ይችላል። የት ቅድሚያ እንሂድ ለሚለው ይጠቅማል።

የዓይን ምስሉ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያሳያል። ፍርስራሽ ይታያል፣ የተዘጋ መንገድ ይታያል። ደመና ካለ ግን ይጠብቃል። ራሳችሁ ከመሥራታችሁ በፊት ኮፐርኒከስ የተባለውን የአውሮፓ ኅብረት የአደጋ ካርታ አገልግሎት ተመልከቱ። በብዙ ትልልቅ አደጋዎች ላይ ሕንፃዎቹን ወድሟል፣ ተጎድቷል፣ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል እያለ ለይቶ በነፃ ያወጣል። ያንን አውርዶ መጠቀም ከዜሮ ከመጀመር ይሻላል።

ግን ከላይ የሚታየው ጣሪያ መሆኑን አስታውሱ። ምድር ቤቱ የተደረመሰ ሕንፃ ጣሪያው ደህና ሆኖ ሊታይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲ ላይ ከ600 በላይ ባለሙያዎች በበጎ ፈቃድ ተሰባስበው ከአየር የተነሱ ምስሎችን ሲመረምሩ፣ በልበ ሙሉነት መለየት የቻሉት ክፉኛ የተጎዱትንና የተደረመሱትን ነው። በአውሮፓው የጉዳት መለኪያ ካሉት አምስት ደረጃዎች 4ኛውና 5ኛው ማለት ነው። የተሰነጠቀ ምሰሶ ከሰማይ አይታይም። አሁን ብዙ የሚወራላቸው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎችም የሚያዩት ያንኑ ምስል ነው። የተማሩበትንም ጠይቁ። ኤክስቢዲ የተባለው ታዋቂ የማሰልጠኛ ስብስብ አብዛኛው ምስሉ የአውሎ ነፋስ፣ የጎርፍና የሰደድ እሳት ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 2023 ቱርክና ሶርያን በመታው አደጋ፣ መጠኑ 7.8 ከሆነው መንቀጥቀጥ 9 ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠኑ 7.5 የሆነ ሁለተኛ መጣ። በመጀመሪያው ቆሞ የቀረ ሕንፃ ተዳክሞ ሁለተኛውን ተቀበለ። የተለመዱት የጉዳት ኩርባዎች ደግሞ ሕንፃው ምንም ያልነካው እንደሆነ አድርገው ነው የሚጀምሩት። ምስላችሁ በየትኛው ሰዓት እንደተነሳ ሳታውቁ ካርታ አታውጡ።

የካርታው ቀለም

ቅድም ያዙልኝ ወዳልኳት ነጥብ ልመለስ። ሶፍትዌሩ ከ400 ቤት 100 ይደረመሳል ሲል የትኞቹን እንደሆነ አያውቅም። ሆኖም ጂአይኤስ ስለሆነ እያንዳንዱን ቤት ቀለም ቀብቶ ማውጣት ይችላል። ያምራል፤ አለቆችም ይወዱታል። እባካችሁ አታድርጉት። ውጤቱን በሰፈር ወይም በወረዳ ደምራችሁ፣ ከዚህ እስከዚህ ከሚል ክልል ጋር አሳዩ።

ቀለሙም ራሱ ያሳስበኛል። በብዙ አገሮች መሐንዲሶች ከመንቀጥቀጥ በኋላ ሕንፃ ሲመረምሩ በር ላይ ምልክት ይለጥፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከወጣው ኤቲሲ 20 ከተባለው መመሪያ የተስፋፋ አሠራር ነው። አረንጓዴ ግቡ፣ ቢጫ በጥንቃቄ፣ ቀይ አትግቡ ማለት ነው። ኮምፒውተር ባወጣው ግምት ላይ ቤቱ አረንጓዴ ተቀብቶ ያየ አባት ልጆቹን ይዞ ሊገባ ይችላል። ያንን ቤት ግን ማንም መሐንዲስ አላየውም። እኔ የግምት ካርታ ስሠራ ከነጭ ጀምሬ ወደ ወይን ጠጅ አጠቁራለሁ። አረንጓዴውንም ቢጫውንም ቀዩንም በሩ ላይ ቆመው ለሚፈርሙት መሐንዲሶች እተወዋለሁ።